«ጥሬውን አስቀምጡ፤ የተቆላ እህል አይዘራም!»
ስለ ሸክላ፣ ስለ መርፌና ስለ ኮምፒዩተር የተደረገ ንግግር

(ከዚህ በታች የሚነበበው በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ በተሰባሰቡ የሸክላ ሙዚቃ ወዳጆች ፊት አንድ አዛውንት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ያደረጉት ንግግር ነው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፤ «ከእኔ ይልቅ ነገሩ ይታወቅልኝ» ብለዋል። የንግግሩን ለዛ እንዳናጠፋው በማሰብ አነጋገራቸውን እንዳለ ትተነዋል። - ዝግጅት ክፍሉ)



እዚህ የቆምኩት ልዘፍንላችሁ አይደለም። ድምፄን የምታውቁ ስላላችሁ በዚህ በኩል አትሰጉ። የመጣሁት ዘፈኑ ከሸክላው ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ መንገድ ላይ ስለሚደርስበት ነገር ላወራችሁ ነው። ነገሩ የጠጋኞች ወሬ ይመስላል፤ ግን ብዙዎቻችሁ ቤት ውስጥ ያለውን ቅርስ የሚያድነው ወይም የሚቀብረው እሱ ስለሆነ ታገሡኝ።

ነገሬን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ታላቅ ወንድሜ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ሸክላ ማጫወቻ ነበር። አልጋው የሽቦ፣ ኮቱ የተገለበጠ፣ ማጫወቻው ግን አዲስ! ትንንሾቹን ባለ 45 ሸክላዎች፣ የጥላሁንን፣ የብዙነሽን፣ የዓለማየሁን፣ የማህሙድን፣ አንድ በአንድ እየገዛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ይሰበስብበት ነበር። በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀረ። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እናታችን ሸክላዎቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠቻቸው። አታጫውታቸውም፤ ማንም እንዲነካቸውም አትፈቅድም።

እሷ ካረፈች በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ወደ ሲዲ ላስገለብጣቸው ተነሣሁ። የቤቱ ማጫወቻ ከሞተ ቆይቷል። እኔ ደግሞ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ እንጂ በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተርን የማውቀው በሩቁ ነበር። ሁለት ቦታ ወሰድኳቸው። የመጀመሪያው ቦታ ያገኘሁት ልጅ የማጫወቻውን ገመድ በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ የማይክ ቀዳዳ ሰካና ቀዳው። ድምፁ ጉድ ነው! ዘፋኙ ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል፤ ቤዝ ጊታሩ የለም፤ ከበሮው የክብሪት ሣጥን ሆኗል፤ ሽሽታው ደግሞ የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ። ሁለተኛው ቦታ ትልቅ አምፕሊፋየር ነበረው። ሰውየው የቤዙን ቁልፍ እስከ ጥግ ጠምዝዞ ቤቱን አንቀጠቀጠው። «ይኼ ነው እንጂ ሸክላ!» ብዬ በደስታ ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? የመጀመሪያውን ሲዲ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሸክላዎቹን ደግሞ «ዘፈኑ በእጄ አለ፣ የተጫጫረ ሸክላ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ለጠየቀኝ ሰው ሰጠኋቸው። ሰውየው አገር ለቀቀ። ሸክላዎቹም አብረው ሄዱ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ሁለቱን ሲዲዎች አውጥቼ በጥሞና ስመረምር ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ያ ያማረው፣ ያ ቤቱን ያንቀጠቀጠው፣ የማይድን ሆኖ ተገኘ። ያ የጣሳው ድምፅ ግን ዳነ። ይህ እንዴት እንደሆነ ከገባችሁ የዛሬው ንግግሬ ገባችሁ ማለት ነው።

መርፌው የሚያነበው ምንድነው?

በሸክላው ላይ ያለው ቦይ ድምፁ ራሱ ነው። መርፌው በቦዩ ውስጥ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው በመርፌው ራስ ውስጥ ወዳለችው ጥቅልል ሽቦ ሄዶ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሆናል። እስከዚህ ቀላል ነው።

ችግሩ ወፍራም ድምፅና ቀጭን ድምፅ አንድ ዓይነት ቦታ አለመጠየቃቸው ነው። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ በሰፊው ይወላገድና ከጎረቤቱ ቦይ ጋር ይጋጫል፤ እንዳይጋጭ ቦዮቹን እናራርቅ ቢባል ደግሞ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ዘፈን ያጥራል። ቀጭኑ ድምፅ፣ የጸናጽሉ፣ የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፅ፣ በተቃራኒው ውዝዋዜው በጣም ትንሽ ስለሆነ የሸክላው ገጽ የሚያሰማው የተቆላ ቆሎ ዓይነት ጫጫታ ይውጠዋል።

ስለዚህ ሸክላ ቀራጮች አንድ ዘዴ አመጡ። ሲቀርጹ ቤዙን ይቀንሱታል፤ ቀጭኑን ያሳድጉታል። በሚጫወትበት ጊዜ ደግሞ በተገላቢጦሽ ቤዙ ይመለሳል፤ ቀጭኑ ወደ ልኩ ይወርዳል፤ ከቀጭኑ ጋር የገጹ ጫጫታም አብሮ ይወርዳል። መንገደኛ ጋቢውን አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይከታል፣ ሲደርስ ዘርግቶ ይለብሳል፤ ይኸው ነው። ነገር ግን መዘርጋት የሚቻለው አስተጣጠፉን ለሚያውቅ ሰው ነው።

አስተጣጠፉ እንዴት ነው? ዛሬ ሁሉም የሚከተለው እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ቀረፃ ኢንዱስትሪ ማኅበር ያጸደቀው «አር.አይ.ኤ.ኤ.» የሚባለው ኩርባ ነው። 1,000 ኸርዝን መነሻ አድርገን ብንለካ፣ በማጫወት ጊዜ 20 ኸርዝ ላይ ያለው ድምፅ በ19.3 ዴሲቤል ያድጋል፤ 10,000 ኸርዝ ላይ ያለው በ13.7 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 20,000 ላይ ያለው በ19.6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሃያ ዴሲቤል ማለት በቮልት ሲሰላ ዐሥር እጥፍ ነው። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት ወደ 88 እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ያህል የታጠፈ ነገር ሳይዘረጋ ቢሰማ ጣሳ ውስጥ የገባ ዘፋኝ ቢመስል ምን ይደንቃል?

ይህን የመዘርጋት ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ ነው። ድሮ አምፕሊፋየሮቻችን ጀርባ ላይ «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ ነበር፤ ፕሪአምፑ ከዚያ ቀዳዳ በስተጀርባ ተቀምጧል። ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ከመርፌው ራስ የሚመጣውን 5 ሚሊቮልት ገደማ የምትሆን ኤሌክትሪክ ያጎለብታል። ሁለተኛ፣ በሬዚስተርና በካፓሲተር አማካይነት ኩርባውን ይዘረጋል። ኩርባው የሚታጠፍባቸው ሦስት ቦታዎች በማይክሮ ሴኮንድ 3,180፣ 318 እና 75 ተብለው ተወስነዋል፤ በኸርዝ ስናወራ ወደ 50፣ ወደ 500 እና ወደ 2,122 መሆኑ ነው።

ዕቃው ወይስ ሒሳቡ?

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ሁለተኛውን ሥራ፣ ማለትም መዘርጋቱን፣ በሬዚስተርና በካፓሲተር ፋንታ በኮምፒዩተር ሒሳብ መሥራት እንደሚቻልና ቅርስን ለማስቀመጥ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ማድረጉ እንደሚሻል ነው። ማጎልበቱ ብቻ በዕቃ ይሠራል። ድምፁ እንደታጠፈ፣ እንደዚያው አስቀያሚ እንደሆነ፣ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። መዘርጋቱ ከዚያ በኋላ በሒሳብ ይሆናል።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር፣ ዘፈን ለመስማት ብቻ ከሆነ ጥሩ ፎኖ ፕሪአምፕ ይበቃችኋል። በጥንቃቄ የተሠራ ዕቃ ኩርባውን ከአንድ ዴሲቤል ባነሰ ስሕተት ይዘረጋል፤ ጆሯችሁ ልዩነቱን አይለይም። ዳሩ ግን በየገበያው ያለው ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው ወይ? ርካሽ ካፓሲተር ከተጻፈበት ዋጋ ዐሥር በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። የግራው ቻናልና የቀኙ ቻናል ካፓሲተሮች እኩል ካልሆኑ ዘፋኙ መሐል መቆሙን ትቶ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሠላሳና አርባ ዓመት የቆየ ዕቃ ሲሆንማ ውስጡ ያለው ደርቋል። ይህን በእጄ ፈትቼ ያየሁት ስለሆነ የምነግራችሁ ከወሬ አይደለም። ሒሳብ ግን አይደርቅም። 318 ዛሬም 318 ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመትም 318 ነው፤ ለግራውም ለቀኙም እኩል ነው።

ዋናው ምክንያቴ ግን ይህም አይደለም። ዋናው ምክንያቴ ስሕተት ሲገኝ መታረም መቻሉ ነው።

ጥሬና ቆሎ

የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጥሬ እህል በእጅህ ካለ ቆሎ ማድረግ ትችላለህ፣ ንፍሮ ማድረግ ትችላለህ፣ አስፈጭተህ መጋገር ትችላለህ፣ ስትፈልግም ትዘራዋለህ። አንዴ ከቆላኸው ግን ቆሎ ነው። ይጣፍጣል፤ አይበቅልም።

ከመርፌው የወጣው ያልተዘረጋ ድምፅ ጥሬው ነው። በፎኖ ፕሪአምፕ ውስጥ ያለፈው፣ የቤዝ ቁልፍ የተጠመዘዘበት፣ «ይመር» ተብሎ የተነካካው ደግሞ ቆሎው ነው። ያ ሁለተኛው ቦታ የሠራልኝ ሲዲ ቆሎ ነበር፤ ያውም ያረረ ቆሎ። የቤዙ ቁልፍ ስንት ላይ እንደነበረ ማን ያውቃል? አምፕሊፋየሩ ኩርባውን በትክክል ይዘረጋ እንደነበር ማን ያውቃል? ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድምፁ ከልክ በላይ ስለጎላ የማዕበሉ ጫፍ ተቆርጧል። የተቆረጠ ጫፍ በምንም ሒሳብ በትክክል አይመለስም።

ያ የጣሳው ድምፅስ? ልጁ ሳያውቅ የሰጠኝ ጥሬ ነበር! ፎኖ ፕሪአምፕ ስላልነበረው አልዘረጋውም። ስለዚህ እኔ በኮምፒዩተር ላይ የአር.አይ.ኤ.ኤ.ን ኩርባ ሳስገባበት ቤዝ ጊታሩ ከተቀበረበት ተነሣ፤ ከበሮው ከበሮ ሆነ፤ ሽሽታው ወረደ። ፍጹም ሆነ አልላችሁም። ብዙው የመርፌ ራስ 47,000 ኦም የሆነ ጭነት ይፈልጋል፤ የማይክ ቀዳዳ ይህን አይሰጥም፤ በዚህ ምክንያት የላይኛው ድምፅ ትንሽ ደብዝዟል። የማይክ ቀዳዳውም ባለ አንድ ቻናል ነበር። ሆኖም ዘፈኑ ዳነ። ሸክላው በእጄ ቢኖር ኖሮ ደግሜ በደንብ በቀዳሁት! ግን ሰጥቼዋለሁ።

ጥሬውን የማስቀመጥ ሌላም ጥቅም አለ። የሸክላ ጭረት በጥሬው ድምፅ ላይ እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ኮምፒዩተሩ ለይቶ ሊነቅለው ይችላል። ኩርባው ከተዘረጋ በኋላ ግን እሾሁ ዱልዱም ይሆንና ከዘፈኑ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ መጀመሪያ መንቀል፣ ቀጥሎ መዘርጋት ይሻላል። በዕቃ የተዘረጋ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ አምልጧችኋል።

ሒሳብም እንከን አለው

አንዳንድ ወዳጆቼ «ኮምፒዩተር ነፍስ የለውም» ይሉኛል። ስለ ነፍስ ከእነሱ ጋር አልከራከርም። ሊመለስላቸው የሚገባ እውነተኛ ጥያቄ ግን አላቸውና ልመልስ።

አንደኛው ጥያቄ የቁጥር ነው። ጥሬው ድምፅ ላይ ቤዙ ትንሽ ስለሆነ በሒሳብ ዐሥር እጥፍ ገደማ ስናሳድገው ኮምፒዩተሩ ራሱ የጨመረው ጫጫታም አብሮ ያድጋል። ይህ እውነት ነው። ከቢቱ ቁጥር ሦስት ያህሉን እንደማጣት ነው። በ16 ቢት ከተቀዳ ይጎዳል። በ24 ቢት ከተቀዳ ግን የሸክላው የራሱ ጫጫታ ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሆነ ጉዳቱ አይሰማም። በተጨማሪም በሰከንድ 96,000 ናሙና ብትወስዱ ቀላሉ የሒሳብ መንገድ በላይኛው ጫፍ ላይ የሚሠራው ስሕተት ከጆሮ በላይ ይሄዳል።

ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ኩርባው ደግሞ 50 ኸርዝ ላይ ያለውን ድምፅ በ17 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ ሰባት እጥፍ፣ ያሳድጋል። የመብራቱ ጉርምርምታ አንዴ ከገባ በዕቃም ተዘረጋ በሒሳብ ያድጋል። መድኃኒቱ እንዳይገባ ማድረግ ነው፤ ገመዱን ማሳጠር፣ የማጫወቻውን የመሬት ሽቦ ማሰር፣ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅሎ በባትሪ መቅዳት። መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪን መውደድ የለመድነው ነገር ስለሆነ አይከብደንም።

ሦስተኛው የፌዝ ጉዳይ ነው። ፌዝ ስላችሁ የምቀልድ እንዳይመስላችሁ! በእኛ ሙያ ፌዝ ማለት የድምፁ ክፍሎች በጊዜ ቀድመው ወይም ዘግይተው የመምጣታቸው ነገር ነው። ሲቀረጽ የተደረገው ማጠፍ ፌዙንም ያዛባል፤ የካፓሲተሩ ዕቃ ሲዘረጋ ፌዙን ጭምር ይመልሰዋል። በኮምፒዩተር ስትሠሩ የምትመርጡት ማጣሪያ ይህንኑ የሚያስመስል ዓይነት መሆን አለበት። አንዳንድ ፕሮግራሞች የድምፁን መጠን ብቻ አስተካክለው ፌዙን ሳይነኩ ይተዉታል። ጥሬው እስካለ ድረስ ግን ይህም ቢሆን የሚታረም ስሕተት ነው።

አያቶቻችን የተቀረጹበት ጊዜ

እስካሁን ስለ አንድ ኩርባ ነው ያወራሁት። ነገሩ የሚጠነክረው ወደኋላ ስንሄድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ዐምሃ እሸቴ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ጊዜ፣ ክልከላውን ጥሶ የራሱን አሳታሚ አቋቋመ። የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ማስተሩን ውጭ አገር ልኮ እያሳተመ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45 ሸክላዎች አወጣ። ደርግ ከመጣ በኋላ እሱም አገር ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ በሲዲ ያወጣቸውና ዓለም የተደነቀባቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ የዚያን ዘመን ሥራዎች ናቸው። የዚህ ዘመን ሸክላ ያላችሁ ሰዎች ሌላ ኩርባ ፍለጋ አትድከሙ። በዚያን ጊዜ አር.አይ.ኤ.ኤ. የዓለም ሕግ ሆኗል፤ እሱን ተጠቀሙ።

ከ1954 በፊት ግን ሕግ አልነበረም። ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1948 ሎንግ ፕሌይን ሲያወጣ የራሱ አስተጣጠፍ ነበረው። የአሜሪካ የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1951 ሌላ አወጣ፤ የእሱ ኩርባ 10,000 ኸርዝ ላይ የሚቀንሰው 13.7 ሳይሆን 12 ዴሲቤል ነው። በ78 ዙር ከሚጫወቱት የአውሮፓ ሸክላዎች ደግሞ ብዙዎቹ ቤዙን ይቀንሳሉ እንጂ ቀጭኑን አያሳድጉም። እንዲህ ያለውን ሸክላ በዘመናዊ ፎኖ ፕሪአምፕ ብታጫውቱት ዕቃው ያልታጠፈውን «ልዘርጋ» ብሎ ቀጭኑን ድምፅ ያለ ጥፋቱ ይቀንሰዋል። ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ከዚያ «የድሮ ሸክላ እንዲህ ነው» እንላለን። ሸክላው ምን አደረገ? ያፈነው ዕቃው ነው!

የበለጠ ወደኋላ እንሂድ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ቀረፃ አልነበረም፤ እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ዘፋኙ በትልቅ መለከት ውስጥ ይጮኻል፤ የመለከቱ ጉልበት መርፌውን ያንቀሳቅሳል፤ አለቀ። የታጠፈ ኩርባ የሚባል የለም። ታዲያ የነጋድራስን ድምፅ በአር.አይ.ኤ.ኤ. ዕቃ ውስጥ ማሳለፍ ያልታሰረን ሰው ልፍታህ ብሎ ልብሱን እንደ መግፈፍ ነው።

ለዚህ ሁሉ በዕቃ መፍትሔ ይፈለግ ቢባል ለየኩርባው የተለየ ፕሪአምፕ ወይም ባለ ብዙ ቁልፍ ውድ ዕቃ ያስፈልጋል። በሒሳብ ሲሆን ግን ቁጥሩን መቀየር ነው። ኦዳሲቲን በመሰለ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ላይ የፈለጋችሁትን ኩርባ ማስገባት ትችላላችሁ።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ዛሬ የሚሸጡት ማጫወቻዎች አብዛኛዎቹ 78 ዙር የላቸውም። ባለ 78ን ሸክላ በ45 ቀድታችሁ በኮምፒዩተር በ1.733 ማፋጠን ትችላላችሁ። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ጥሬውን ከቀዳችሁ ብቻ ነው። መጀመሪያ ፍጥነቱን ታስተካክላላችሁ፤ ኩርባውን ቀጥላችሁ ታስገባላችሁ። በፎኖ ፕሪአምፕ ውስጥ አልፎ ከሆነ ግን ዕቃው የዘረጋው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ጋቢውን ትቶ ሻንጣውን ዘረጋ ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

ቤት ሄዳችሁ የምትሠሩትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ሸክላውን በንጹሕ የተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ የመሐሉን ወረቀት አታርጥቡ። የድሮዎቹን ባለ 78 ሸክላዎች ግን በስፒሪትም ሆነ በአረቄ እንዳትነኳቸው፤ ይሟሟሉ። መርፌው አዲስ ይሁን፤ ያረጀ መርፌ ቦዩን ያርሰዋል። ለባለ 78 ሸክላ ደግሞ የራሱ ወፍራም መርፌ አለው፤ የባለ 45ቱ መርፌ ለእሱ ቀጭን ነው፤ ከቦዩ ወለል ላይ እየተንከባለለ ቆሻሻውን ያነባል።

ኩርባ የማይነካ፣ የሚያጎለብት ብቻ ፕሪአምፕ ተጠቀሙ፤ መቶ እጥፍ ገደማ ማጎልበት ይበቃል፤ ጭነቱ 47,000 ኦም ይሁን። በ24 ቢትና በ96,000 ቅዱ። ድምፁን እስከ ጥግ አታጉሉት፤ በጥሬው ላይ የጭረቱ እሾህ ከዘፈኑ ይበልጣልና ከላይ ወደ 12 ዴሲቤል ቦታ ተዉለት።

ከዚያ ጥሬውን ፋይል አስቀምጡት። አትቁረጡት፣ አታሳምሩት፣ ወደ ኤምፒ ስሪ አትለውጡት። ሦስት ቦታ ገልብጡት፤ አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ። ቦታ ይወስዳል የሚል ካለ አብረን እናስላ። አንድ ደቂቃ ወደ 35 ሜጋባይት ነው። መቶ ባለ 45 ሸክላ በሁለቱም ገጽ፣ ገጹ አራት ደቂቃ ቢባል፣ 28 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። የአንድ ሰው ሙሉ የሸክላ ሀብት ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ውስጥ ገብቶ የኮት ኪስ ውስጥ ይገባል!

የማሳመሩን ሥራ በቅጂው ላይ ሥሩ። ጭረቱን ንቀሉ፣ ኩርባውን ዘርጉ፣ ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን የማጫወቻ ጉርምርምታ አውጡ። ያደረጋችሁትን ሁሉ ጻፉት፤ በየትኛው መርፌ፣ በስንት ዙር፣ በየትኛው ኩርባ። የሸክላውን ወረቀት ፎቶ አንሡ፤ ከወረቀቱ አጠገብ በቦዩ መጨረሻ የተቆረጠውን ቁጥርም መዝግቡ። ሸክላውን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እኔ እንዳደረግሁት ለማንም አትስጡት።

በእጃቸው ትልቅ ማኅደር ላለ ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ የመንግሥትም ሁኑ የግል። ገልብጣችሁ ስታስቀምጡ አሳምራችሁ ብቻ አታስቀምጡ። እናንተ የዛሬን ጆሮ ይዛችሁ «እንዲህ ነው የሚያምረው» ብላችሁ ወስናችሁ ጥሬውን ብትጥሉት፣ ነገ የሚመጣው ልጅ የተሻለ ዕውቀት ይዞ ቢመጣ የሚያርመው ነገር አያገኝም። አንድ ሰው ወስኖ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቁልፉን ወንዝ መጣል ከሸክላም ውጭ በብዙ ነገር ያየነው ጠባይ ነው። ውጤቱንም እናውቀዋለን። ቢያንስ በዘፈኑ እንኳ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚታረም ነገር እንተውለት።

ልጨርስ ነው። ከዚያ ከጣሳው ሲዲ ላይ ካዳንኳቸው ዘፈኖች በአንዱ መሐል ላይ አንዲት ትልቅ ጭረት አለች። ታሪኳን አውቀዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ሲጨፍር ክርኑ ማጫወቻውን መትቶ መርፌውን ያንሸራተተበት ቦታ ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ስቆበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሸክላው እዚያ ቦታ በደረሰ ቁጥር ሁላችንም አብረን «ቋ!» እንል ነበር። ኮምፒዩተሩ ጭረቷን ለይቶ «ልንቀላት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሎቹን ሁሉ ነቀልኩ፤ እሷን ግን ተውኳት። ልጆቼ ሲሰሙት «አባባ፣ እዚህ ጋ ተበላሽቷል» ይሉኛል። አልተበላሸም። ወንድሜ ከዚህ ዓለም ላይ በድምፅ የቀረው በዚያች ጭረት ነው።